ጥያቄና መልስ፦ ጂኖሙን ክላውድ ላይ ልስቀለው ወይስ ይቅርብኝ?

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ጂኖም ዳታና ስለ ክላውድ ናቸው። ጂኖም ማለት የአንድ ሕያው ነገር ሙሉ የዘረመል ጽሑፍ ነው፣ ክላውድ ደግሞ በኢንተርኔት በኩል የምንከራየው የሌላ ድርጅት ኮምፒውተርና ማከማቻ። ስም አልጠቅስም፣ ደብዳቤዎቹንም ትንሽ አሳጥሬያቸዋለሁ። ከአንድ አዋጅ ቁጥር በስተቀር ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ዋጋው ሁሉ በዶላር ነው፣ ምን ይደረግ።

«ሰላም። የፒኤችዲ ተማሪ ነኝ። የማጠናው ሰዎች ለመድኃኒት የሚሰጡት ምላሽ በዘረመላቸው ምክንያት እንዴት እንደሚለያይ ነው። የ40 ሰዎች ሙሉ ጂኖም ውጭ አገር ባለ ላቦራቶሪ እየተነበበልኝ ነው፣ ሲያልቅ በሃርድ ዲስክ ይልኩልኛል። ያለኝ 16 ጊጋባይት ራም ያለው ላፕቶፕ ነው። አማካሪዬ ‹ክላውድ ላይ ሥሪው› ብለውኝ ወደ ስብሰባቸው ሄዱ። ከየት ልጀምር? ስንትስ ያስወጣኛል?» (ተማሪ፣ ጅማ)

አማካሪሽ ልክ ናቸው። ግን ቢሉ የሚመጣው ላንቺ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው።

ከሁሉ በፊት ለላቦራቶሪው ኢሜይል ጻፊ። ዲስኩ ጅማ ከደረሰ በኋላ ዳታውን መልሼ ወደ ክላውድ ልጫን ብትዪ መከራሽን ነው የምታዪው። ሂሳቡ እንዲህ ነው፦ የአንድ ሰው ጂኖም 30 ጊዜ ተደጋግሞ ሲነበብ፣ ፋይሉ ታምቆም ቢሆን 70 ጊጋባይት አካባቢ ይሆናል። 40 ሰው ማለት 2.8 ቴራባይት ነው። በሰከንድ 20 ሜጋቢት የሚጭን መስመር ቢኖርሽ፣ መብራት ሳይጠፋ፣ ኔት ሳይቆራረጥ፣ ሌት ተቀን 13 ቀን ይፈጃል። እንደዚህ ያለ መስመር ካገኘሽ ለኔም ጠቁሚኝ። ስለዚህ አንቺ በከፈትሽው የክላውድ ማከማቻ ውስጥ ዳታውን ቀጥታ እንዲያስገቡልሽ ጠይቂያቸው፣ ላቦራቶሪዎቹ የለመዱት ነገር ነው። ዲስኩም ይምጣ፣ መጠባበቂያ ይሆንሻል፣ ቆልፈሽ አስቀምጪው። ፈቃድን በተመለከተ ግን ከታች ለዶክተሩ የጻፍኩትን ሳታነቢ ምንም እንዳትጀምሪ።

ላፕቶፑ ለምን አይበቃም? የማንበቢያ ማሽኑ ጂኖሙን ከዳር እስከ ዳር አያነብም። 150 የዲኤንኤ ፊደል አካባቢ ርዝመት ያላቸው ቁርጥራጮች ነው የሚሰጥሽ፣ ለአንድ ሰው 600 ሚሊዮን ገደማ። ቢደብሊውኤ የሚባለው ሶፍትዌር ለእያንዳንዷ ቁራጭ 3.1 ቢሊዮን ፊደል ያለው ማመሳከሪያ ጂኖም ላይ ቦታዋን ይፈልግላታል። ጂኤቲኬ የሚባለው ሌላ ሶፍትዌር ደግሞ ሰውየው ከማመሳከሪያው የሚለይባቸውን ቦታዎች ያወጣል፣ 4 ወይም 5 ሚሊዮን ይሆናሉ። ይሄ 16 ኮር ባለው ማሽን ላይ እንኳ ለአንድ ሰው አንድ ቀን ግድም ይወስዳል። በላፕቶፕሽ 40 ሰው ከጀመርሽ አንቺ ተመርቀሽ እሱ ገና ይሠራል። ደግነቱ የአንዱ ሰው ሥራ የሌላውን አይጠብቅም። 40 ማሽን ባንዴ ተከራይተሽ ሁሉንም በአንድ ቀን መጨረስ ትችያለሽ፣ ዋጋው ደግሞ አንድ ማሽን ለ40 ቀን ከመከራየት ጋር ያው ነው። የክላውድ ትልቁ ጥቅም ይሄ ነው፣ ሌላው ማስታወቂያ ነው።

ወደ ዶላሩ እንምጣ። ጂኤቲኬን የሠራው የአሜሪካው የምርምር ተቋም ብሮድ ኢንስቲትዩት በጉግል ክላውድ ላይ የአንድ ጂኖምን ሥራ ከ45 ዶላር ወደ 5 ዶላር ገደማ ማውረዱን አስታውቋል። አንቺ ግን ብሮድ አይደለሽም። ሥራው መሃል ላይ ይወድቃል፣ ይደገማል፣ መጀመሪያ የመረጥሽው ማሽን ይጠብብሻል። ለአንድ ሰው 15 ዶላር ያዢ፣ 600 ይሆናል። ማከማቻ ክላውድ በሚያከራየው በአማዞን የቨርጂኒያ ማዕከል ለአንድ ጊጋባይት በወር 2.3 የአሜሪካ ሳንቲም ነው። 2.8 ቴራባይትሽ በወር 64 ዶላር ይመጣል፣ መሃል ላይ የሚፈጠሩትን ፋይሎች ስትጨምሪበት ከ100 ያልፋል። ሦስት ወር ብትቆዪ በጠቅላላው እስከ 1000 ዶላር አስቢ። ኬፕታውን ያለው ማዕከል ይቀርባል ግን ይወደዳል።

ሰው የሚከስረው ዋናው ሥራ ላይ አይደለም። ሥራው አልቆ ማሽኑ ሳይጠፋ ሲያድር ነው። ራይድ ጠርቶ በር ላይ አቁሞ ቡና እንደመጠጣት ነው፣ ቆጣሪው ማንንም አይጠብቅም። ማሽኑን ብታቆሚው እንኳ የተያያዘው ዲስክ እስካልተሰረዘ ድረስ ሂሳቡ ይቀጥላል። የበጀት ማስጠንቀቂያ አስገቢ፣ ነገር ግን ማስጠንቀቂያው ኢሜይል ይልክልሻል እንጂ ወጪውን አያቆምልሽም፣ ይሄን የማያውቅ ብዙ ነው። ሌላው ደግሞ ዳታ ማስገባት ነጻ ሆኖ ማውጣት ማስከፈሉ ነው። ከአማዞን ስታወርጂ በወር የመጀመሪያው 100 ጊጋባይት ነጻ ነው፣ ከዚያ በላይ በጊጋባይት 9 ሳንቲም ግድም ይጠይቁሻል። ሁሉንም ላውርድ ካልሽ ከ240 ዶላር በላይ በከንቱ ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ አታውርጂው! የምታወርጂው ውጤቱን ብቻ ነው። የ40 ሰው የልዩነት ዝርዝር ነጻው ውስጥ ይገባል።

ዋጋ ለመቀነስ ስፖት የሚባሉትን ማሽኖች ተከራዪ። እስከ 90 በመቶ ይረክሳሉ፣ ግን አማዞን ሲፈልጋቸው በሁለት ደቂቃ ማስጠንቀቂያ ይነጥቅሻል። ሥራሽን ኔክስትፍሎው በሚባለው፣ ሥራን ቁራጭ በቁራጭ በሚያስኬድ መሣሪያ ከጻፍሽው የተነጠቀው ቁራጭ ብቻ እንደገና ይጀምራል፣ ሌላው አይነካም። የዶላር ካርድ ከሌለሽ፣ ሊኖርሽም አይችል ይሆናል፣ አማዞንም ጉግልም ለተመራማሪ የሚሰጡት ክሬዲት (በነጻ የሚሰጥ የመጠቀሚያ ሂሳብ) አለ፣ በፕሮፖዛል ይጠየቃል። ውጭ አገር የሚተባበራችሁ ዩኒቨርሲቲ ካለ ግን በነሱ ሂሳብ ሥር መግባቱ ሳይሻል አይቀርም። ካርድ የሚለምን ተማሪ ብዙ አይቻለሁ፣ አያምርም።

አንድ ነገር ደግሞ ከርዕስሽ ጋር በቀጥታ ስለሚገናኝ ልጨምር። ሲዋይፒ2ዲ6 የሚባለውን ጂን ሳታውቂው አትቀሪም፣ የሕመም ማስታገሻውን ኮዴይንን በጉበት ውስጥ ወደ ሞርፊን የሚቀይረው ነው። በ1996 የወጣ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶዎቹ የዚህን ጂን ተጨማሪ ቅጂ እንደያዙ አሳይቷል። ተጨማሪ ቅጂ ያለው ሰው መድኃኒቱን በጣም ቶሎ ይቀይረዋል፣ ለሌላው ልክ የሆነው መጠን ለሱ ሊበዛበት ይችላል። ችግሩ ይሄ ጂን ሲዋይፒ2ዲ7 የሚባል መንትያ የሚመስል ጎረቤት አለው፣ አጫጭር ቁርጥራጮቹ አንዱ ከአንዱ ይምታቱበታል። የተለመደው የጂኤቲኬ አሠራር የቅጂ ብዛት አይቆጥርልሽም። ሲሪየስ የመሰለ ለዚህ ጂን ብቻ የተሠራ መሣሪያ ለብቻው አስኪጂ፣ አለዚያ 1000 ዶላር ከፍለሽ ዋናውን ነገር ሳታዪው ታልፊያለሽ።

«በሥነ ምግባር ኮሚቴ ውስጥ እሠራለሁ። ወጣቶቹ የታካሚዎችን ጂኖም ክላውድ ላይ እንጭናለን የሚል ፕሮፖዛል ያመጡልናል። ስም ካጠፋን ችግር የለውም ይላሉ። እውነት ነው? የሕዝባችን ጂኖም ባዕድ አገር ኮምፒውተር ላይ መቀመጡስ እንዴት ይታያል?» (ሐኪም፣ አዲስ አበባ)

ዶክተር፣ «ስም ካጠፋን ችግር የለውም» የሚለውን አይቀበሏቸው። በ2013 ሳይንስ መጽሔት ላይ በወጣ ሥራ፣ ተመራማሪዎች ስም ያልተጻፈባቸውን ጂኖሞች ወስደው ከአባት ወደ ወንድ ልጅ የሚተላለፈውን የዋይ ክሮሞዞም ምልክቶች ለሕዝብ ክፍት ከሆኑ የዘር ሐረግ ዳታቤዞች ጋር አስተያዩና የቤተሰብ ስም አወጡ። ዕድሜና የመኖሪያ ግዛት ሲጨመርበት ሰዎቹ ራሳቸው ተለዩ። እኛ ጋ የአባት ስም በየትውልዱ ስለሚቀያየር ያ ዘዴ እንዳለ አይሠራም፣ እዚህ ላይ የስም አወጣጣችን ጠቅሞናል። ግን ብዙም አይተማመኑበት። አሜሪካ ሆኖ የዲኤንኤ ምርመራ ያደረገ ስንት ዘመድ አለ፣ በሱ በኩል እዚህ ያለውን ሰው መድረስ ይቻላል።

ሕጉን በተመለከተ፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የዘረመል መረጃን ከስሱ መረጃዎች ጋር ነው የመደበው፣ ከአገር ውጭ ለማስተላለፍም ቅድመ ሁኔታ አስቀምጧል። አዋጁን ከሕግ ባለሙያ ጋር ተቀምጣችሁ አንቀጽ በአንቀጽ እዩት። እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም። ኮሚቴው ግን ዳታው የት አገር ማዕከል እንደሚቀመጥ፣ የመክፈቻ ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ፣ ማን መቼ እንደከፈተው የሚመዘግብ መዝገብ መኖሩን፣ ጥናቱ ሲያልቅ ምን እንደሚሰረዝ ካልተጻፈለት ፕሮፖዛሉን ይመልስ። ታካሚው የፈረመበት ወረቀትም ውጭ አገር መቀመጡንና ሌላ ተመራማሪ ሊያየው እንደሚችል በግልጽ በአማርኛ፣ ወይም ሰውየው በሚገባው ቋንቋ፣ መናገር አለበት። «ለምርምር ይውላል» የሚል አንድ መስመር አይበቃም።

ባዕድ አገር መቀመጡ ብቻውን ግን አያስደነግጠኝም። ዳታው በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር፣ የሰርቨሩ የይለፍ ቃል ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ሲታይ ነው እኔን የሚያስደነግጠኝ። በደንብ የተቆለፈ ክላውድ ከዚያ ይሻላል። በደንብ ካልተቆለፈ ደግሞ ማከማቻው ለዓለም ሁሉ ክፍት ሆኖ ወራት ሊቀመጥ ይችላል፣ የሚሾልከውም ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው።

እንግሊዞች የሄዱበትን መንገድ ቢያዩት ደስ ይለኛል። ዩኬ ባዮባንክ የሚሉት የምርምር ማከማቻ የግማሽ ሚሊዮን ሰው የጤናና የጂኖም መረጃ ይዟል። ከ2021 ጀምሮ ተመራማሪዎች ዳታው ባለበት ክላውድ ላይ ገብተው የሚሠሩበትን መድረክ ከፈቱ። አሜሪካኖችም «ኦል ኦፍ አስ» በሚሉት ፕሮግራም በጉግል ክላውድ ላይ ተመሳሳይ ነገር አድርገዋል። ዳታው የትም አይሄድም፣ ሰው ነው ወደ ዳታው የሚሄደው፣ ይዞ እንዲወጣ የሚፈቀድለትም ድምር ውጤት ብቻ ነው። እኛ ግን እስካሁን ሙሉውን ፋይል ገልብጠን ለተባባሪው እንልካለን፣ ከዚያ በኋላ እሱ ምን እንዳደረገበት የምናውቅበት መንገድ የለንም። ኮሚቴው «ገልብጠህ አትስጥ፣ እዚህ ገብቶ ይሥራ» የሚል ቅድመ ሁኔታ ቢያስቀምጥ ማንም አይከለክለውም።

«ፕሮግራመር ነኝ፣ ባዮሎጂ አልተማርኩም። የምርምር ቡድን ቀጥሮኝ ፓይፕላይን (ዳታው ደረጃ በደረጃ የሚያልፍበት የፕሮግራሞች ሰንሰለት) ሠራሁላቸው። ክላውድ ላይ አንድም ስህተት ሳያሳይ አለቀ፣ ሁሉም አረንጓዴ ነው። ውጤቱን አስረክቤ መገላገል እችላለሁ?» (አዲስ አበባ)

ኧረ ቆይ፣ አትቸኩል። አረንጓዴው የሚነግርህ ፕሮግራሙ እንዳልወደቀ ብቻ ነው።

የባይራን ታሪክ ልንገርህ። በ2012 ጋሞ ደጋ ላይ ሞታ በሚባል ዋሻ ውስጥ የአንድ ሰው አጽም ተገኘ፣ 4500 ዓመት የሆነው። ባይራ ብለው ሰየሙት። ከጆሮው አካባቢ ካለው ጠንካራ አጥንት ዲኤንኤ ወጣ። ከአፍሪካ የተነበበ የመጀመሪያው ጥንታዊ ሙሉ ጂኖም ነበር፣ በጥቅምት 2015 ሳይንስ ላይ ሲወጣ ዓለም አወራለት። ትልቁ ወሬ ግን ሌላ ነበር፦ ከ3000 ዓመት ገደማ በፊት ከምዕራብ እስያ ወደ አፍሪካ የተመለሱ ሰዎች ዘር በምሥራቅ አፍሪካ ብቻ ሳይቆም እስከ ናይጄሪያ ዮሩባዎችና እስከ ኮንጎ ምቡቲዎች ድረስ ደርሷል ተባለ። ጋዜጣው ሁሉ ተቀባበለው።

ስህተት ነበር። አንዱ ሶፍትዌር ያወጣው ፋይል ለሌላው ሶፍትዌር እንዲስማማ መለወጥ ሲገባው ያ እርምጃ ተዘለለ። በዚህ ምክንያት ባይራ ከማመሳከሪያው ጂኖም ጋር አንድ የሆነባቸው ብዙ ቦታዎች ከትንተናው ሾልከው ወጡ። የቀሩት የሚለይባቸው ብቻ ሲሆኑ ሌሎቹ አፍሪካውያን ሁሉ ከሱ ይልቅ ወደ አውሮፓና ወደ እስያ የቀረቡ መሰሉ። ምንም ነገር አልወደቀም፣ ቀይ መብራት አልበራም። ስህተቱን ያገኙት የጥንታዊ ዲኤንኤ ተመራማሪዎቹ ፖንተስ ስኮግሉንድና ዴቪድ ራይክ ናቸው፣ ዳታውን ራሳቸው ሲሠሩት ያው ውጤት አልመጣላቸው አለ። የጽሑፉ ደራሲዎችም ሳይከራከሩ በ2016 መጀመሪያ እርማት አወጡ። የምሥራቅ አፍሪካው ክፍል እንዳለ ቆመ፣ የዮሩባና የምቡቲው ተሰረዘ። ለኔ ያ እርማት ከጽሑፉ እኩል የሚከበር ነው።

አንተ ምን ታደርጋለህ? በእያንዳንዱ እርምጃ ስንት ቦታ ገብቶ ስንት እንደወጣ ቁጠር፣ ቁጥሩ ድንገት ግማሽ ከሆነ አቁም። ከዚያ ፓይፕላይንህን መልሱ በሚታወቅ ጂኖም ላይ አስኪደው። ኤንኤ12878 የምትባል የዩታ ሴት ናሙና አለች፣ የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ትክክለኛውን የልዩነት ዝርዝር በነጻ አውጥቶላታል። ያንተ ውጤት ከሱ ጋር ምን ያህል እንደሚገጥም በቁጥር ይወጣልሃል፣ ቡድኑም የሚያምነው እሱን ነው። የሶፍትዌሮቹን ስሪት በዶከር (ሶፍትዌርን ከነሚያስፈልገው ሁሉ አንድ ላይ በሚያሽግ መሣሪያ) ቆልፋቸው፣ ከስድስት ወር በኋላ ሌላ ሰው ሲያስኬደው ያው ውጤት እንዲመጣ። ኮዱንም ክፍት አድርገው። ባዮሎጂ አለመማርህ እንደ ምክንያት አይቆጠርልህም፣ ከቡድኑ አንድ ሰው አጠገብህ አስቀምጠህ ቁጥሮቹን አብራችሁ እዩ።

«ለመለማመድ ዳታ ከየት ላግኝ? የኢትዮጵያውያን ቢሆን ደስ ይለኛል።» (ተማሪ፣ ባሕር ዳር)

የ1000 ጂኖም ፕሮጀክት ዳታ ከ2012 ጀምሮ አማዞን ላይ ለማንም ክፍት ነው፣ ምዝገባም ፈቃድም አይጠየቅም። ማሽንህን እዚያው ቨርጂኒያ ብትከራይ ሳታወርድ ታነበዋለህ። ገና ጀማሪ ከሆንክ ግን ሙሉ ጂኖም አትንካ፣ ክሮሞዞም 22ን ብቻ ይዘህ ጀምር፣ ይሄን ላፕቶፕም ይችለዋል። ጋላክሲ የሚባለው ነጻ መድረክም ለተመዘገበ ሰው 250 ጊጋባይት ቦታ ይሰጣል፣ በብራውዘር ነው የሚሠራው፣ ካርድ አይጠይቅም። ለመማር ከሱ የተሻለ አላውቅም።

የኢትዮጵያውያን ያልከው ግን ያሳዝናል። በ1000 ጂኖም ውስጥ 26 ሕዝቦች፣ 2504 ሰዎች አሉ። ከአፍሪካ ምድር የናይጄሪያ፣ የጋምቢያ፣ የሴራሊዮንና የኬንያ ናቸው። የኛ የለም። በ2015 የታተመ የኢትዮጵያውያንና የግብፃውያን 225 ጂኖም አለ፣ እሱ የተለያየ የአጠቃቀም ፈቃድ አለውና መጀመሪያ አንብበው። ይሄ ነገር ምን ለውጥ ያመጣል ብትል፣ የአፍሪካውያንን ጂኖም የሚያጠናው ኤች3አፍሪካ በ2020 ከ50 የአፍሪካ ማኅበረሰቦች 426 ሰዎችን ሲያነብ ከዚያ በፊት ያልተመዘገቡ ከ3 ሚሊዮን በላይ ልዩነቶች አገኘ። ከ426 ሰው! ሕዝብህ እንዲህ ባለው ዳታ ውስጥ ከሌለ፣ አንተ ላይ የተገኘው ልዩነት በሽታ አምጪ ይሁን ተራ ሐኪሙ የሚያውቅበት መንገድ ጠባብ ነው።

«በፖስታ ምራቄን ልኬ የዲኤንኤ ምርመራ አድርጌ ነበር። ጥሬ ፋይሉን አወረድኩት። ክላውድ ላይ ልተንትነው?» (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

አያስፈልግህም ወንድሜ። የወሰድከው ሙሉ ጂኖም አይደለም፣ ከ3.1 ቢሊዮኑ ፊደል ውስጥ ብዙውን ጊዜ ከ700 ሺህ ያልበለጡ የተመረጡ ቦታዎች ናቸው። ፋይሉ ከጥቂት ፎቶዎች አይበልጥም፣ ላፕቶፕህ ላይ ይከፈታል። ያገኘኸው ድረ ገጽ ሁሉ ላይ ግን አትስቀለው። እንዲህ ያለውን ምርመራ የሚሸጠው 23ኤንድሚ በ2023 የ6.9 ሚሊዮን ደንበኞቹ መረጃ ተሰርቆበታል፣ በ2025 ደግሞ ኪሳራ አውጆ ተሸጧል። የይለፍ ቃልህ ቢሰረቅ ትቀይረዋለህ፣ ይሄን አትቀይረውም፣ የወንድምህና የልጆችህም ግማሽ እዚያ ውስጥ ነው። ሂሳብ ካለህና ካላስፈለገህ ገብተህ ማስሰረዝ ትችላለህ።

«የ60 ታካሚዎች የቲቢ ባክቴሪያ ጂኖም አለን። አለቃዬ ለክላውድ በጀት ጠይቂ አለኝ። ስንት ልበል?» (ላቦራቶሪ ቴክኖሎጂስት፣ ጎንደር)

ዜሮ በይው። የቲቢ ባክቴሪያ ጂኖም 4.4 ሚሊዮን ፊደል ነው፣ የሰው ከሱ 700 እጥፍ ይበልጣል። ለአንዱ ናሙና ጥቂት መቶ ሜጋባይት ፋይል ነው የሚመጣልሽ። ቲቢ ፕሮፋይለር የሚባለውን ሶፍትዌር መካከለኛ ላፕቶፕ ላይ ጫኚው፣ 60ውን በጥቂት ቀናት፣ ምናልባትም ባነሰ ጊዜ ይጨርስልሻል፣ የትኛው መድኃኒት እንደማይሠራበትና የየትኛው ዝርያ እንደሆነም ይነግርሻል። ሰባተኛው ዝርያ የሚባለው እኛው አገር ሰሜን ውስጥ የተገኘ ስለሆነ ውጤቱን ስታዪ እሱን ፈልጊው። የተጠየቀውን በጀት ለጥሩ ዩፒኤስና ለሁለት ውጫዊ ሃርድ ዲስክ አዙሩት፣ አንዱን ዲስክ ሌላ ሕንፃ ውስጥ አስቀምጡ።